ነጋሪትና መዋሥዕት፤ ስለ መተማ ሙታንና ስለ ሰላም ዜማ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው ከኋላው እየራቀ ቆላው ከፊቱ እየሰፋ ሲጓዝ ውሎ፣ የሰሊጡንና የጥጡን እርሻ፣ የዕጣኑን ዛፍና የሽመሉን ጫካ ካቋረጠ በኋላ መተማ ዮሐንስ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። በከተማዋ ዳርቻ በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ አንድ ጠባብ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ጋላባት ትባላለች፤ አገሩም ሱዳን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ቦታው በገበያነቱ የታወቀ ነበር። ከደጋ ቡና፣ ሰምና በቅሎ ይወርዳል፤ ከቆላ ጥጥ ይመጣል፤ የሚያሳዝነው ግን ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለመካ ጉዞ ወጥተው በዚያው የቀሩት ተክሩሮች ሰፍረውበት ነበር። በ1854 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከርም ስለ ገበያው ጽፎአል። እንግዲህ ሰው በመተማ ይሰበሰብ የነበረው ለመገበያየት እንጂ ለመዋጋት አልነበረም።

ይሁን እንጂ የመተማ ስም በኢትዮጵያውያን ጆሮ ሲጠራ የሚያስታውሰው ገበያውን ሳይሆን ጦርነቱን ነው። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፎአል፤ ወደፊትም ይጻፋል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያ ለየት ያለ ነው። በዚያ ሜዳ ለወደቁት ሰዎች፣ ለእኛዎቹም ለእነዚያኞቹም፣ ምን ዓይነት ዜማ ተዜመላቸው? ሰውን ወደ ጦርነት የሚጠራው ሙዚቃ ብዙ እንደ ሆነ እናውቃለን። ከጦርነት የሚመልሰው፣ ወይም ቢያንስ የጦርነትን ዋጋ ሳይሸሽግ የሚናገረው ሙዚቃ ወዴት አለ?

በመጀመሪያ ወደ ጦርነት ስለሚጠራው እንናገር። የንጉሥ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተመትቶ ነው። ሠራዊት ሲንቀሳቀስ መለከትና እምቢልታ ይነፋል፤ ሌሊት በሰፈሩ እሳት ዙሪያ ቀረርቶና ሽለላ ይሰማል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ጀግናውን ያሞግሣል፣ ፈሪውን ይሸነቁጣል። ፉከራ የሰማ ሰው ደሙ ሲሞቅና ሞትን ሲንቅ እናየዋለን። በወንዙ ማዶ የነበሩትም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም። ራሳቸውን አንሳር የሚሉት፣ እኛ ደርቡሽ የምንላቸው የማህዲ ተከታዮች፣ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ኦምባያ የሚባል ታላቅ መለከት ነበራቸው፤ ከበሮአቸውንም ኖጋራ ይሉታል። ነጋሪትና ኖጋራ ስማቸው እንኳ ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ልብ ይበል። ሁለቱ ሠራዊቶች በቋንቋም በሃይማኖትም የማይገናኙ ሲሆኑ፣ ወደ ሞት የጠራቸው የከበሮ ድምፅ ግን አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል።

ጠቡ እንዴት እንደ ተነሣ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1876 ዓ.ም. በአድዋ በተፈረመው ውል ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በማህዲ ጦር የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። ከእነዚያም ወታደሮች አንደኛው ክፍል የነበረው በጋላባት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቃላቸውን ፈጸሙ፤ በዚህም ምክንያት ከዚያ በፊት የከረረ ጠብ ካልነበራቸው ከአዲሱ የሱዳን መንግሥት ጋር ተጣሉ። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው በዚያ የነበረውን የደርቡሽ አለቃ ድል አደረጉ፤ ከተማውም ተቃጠለ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ሠራዊት ይዞ መጣ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውሃ ላይ አሸንፎ ጎንደር ገባ። የጎንደር አድባራት አብዛኞቹ ነደዱ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው ወደ ቆላ ወረዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ተነሥቶ እንዳዳነው እስከ ዛሬ ይተረካል። እኛ የጎንደርን መቃጠል እንጂ ከዚያ በፊት የሆነውን የመተማን መቃጠል አዘውትረን አናነሣም። ታሪክ ጸሐፊ ግን ሁለቱንም ጢስ ማየት ግዴታው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ተደረገ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም.፣ ከመጨረሻው ውጊያ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው፣ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጻፉ። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ እኔ ወደ አገርህ መጥቼ ድሆችን ብገድል፣ አንተም ወደ አገሬ መጥተህ ድሆችን ብትገድል ጥቅሙ ለማን ነው? የሁለታችንም ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው አውሮፓዊ ነው፤ እኛን ቢያሸንፍ እናንተን አይተዋችሁም፤ ስለዚህ ተስማምተን ብንቆም ይሻላል የሚል ነበር። ይህን የጻፉት በጉንደትና በጉራዕ ድል ያደረጉ፣ ጦርነትን ከማንም የበለጠ የሚያውቁ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ፈሪ የጻፈው ደብዳቤ ነው የሚል ካለ፣ እርሱ የዐፄ ዮሐንስን ታሪክ አላነበበም። ከወዲያ ማዶ የመጣው መልስ ስድብና ሃይማኖትህን ለውጥ የሚል ጥሪ ሆነ። አቡ አንጃም ከጦርነቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በሕመም ሞተ፤ በቦታው ዘኪ ጠማል ተተካ።

በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጊያው ሆነ። ደርቡሾች ዘሪባ በሚሉት የእሾህ አጥር ውስጥ መሽገው ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም የእኛ መሰለ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው በሠራዊቱ መካከል እንደ ተሰማ ያ ሁሉ ኃይል እንደ ጢስ ተበተነ። ዐፄ ዮሐንስ በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሲጓዙ የነበሩትን አጎታቸውን ራስ አርአያንና ጥቂት ታማኞችን ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ድል አድራጊ የተባለውም ወገን ጥቅም አላገኘም። በዚያው ዓመት ሱዳንን ጽኑ ረኀብ መታት፤ በኢትዮጵያም ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን ጀምሮ ነበር። ጦርነቱ ከተፈጸመ ሁለት ወር ሳይሞላ የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በ1882 ዓ.ም. ጣሊያን በመረብ ማዶ ያለውን ምድር ኤርትራ ብሎ ቅኝ ግዛቱ አደረገው፤ በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዝ መትረየስ በከረሪ ሜዳ የደርቡሽን ሠራዊት በአንድ ቀን ጠዋት አጨደው። በደብዳቤው የተጻፈው ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሁለቱም ላይ ደረሰ።

አሁን ወደ ዜማው ልመለስ። ስለ ዐፄ ዮሐንስ ሞት ብዙ ሙሾ ተገጥሞአል፤ እስከ ዛሬም በቃል የሚያወርዱት አሉ። ይህ የሚገባ ነው። ነገር ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የወደቀው ባላገር፣ ከትግሬ፣ ከበጌምድር፣ ከላስታና ከየጁ ማረሻውን አስቀምጦ የመጣው ሰው፣ ሙሾው የተወረደለት በየመንደሩ፣ በእናቱና በእኅቶቹ አፍ ነው። አልቃሽ ስሙን ትጠራለች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ ሬሳው ስለሌለ በልብሱና በጦር መሣሪያው ላይ ይለቀሳል። ይህ ልቅሶ በመጽሐፍ አልገባም፤ ከ2 ወይም ከ3 ትውልድ በኋላም ጠፋ። እንደ እኔ አስተያየት፣ ከሕዝባችን ዜማ ሁሉ ጦርነትን በእውነት የሚቃወመው ይህ የሴቶች ሙሾ ነው። ፉከራ የሚናገረው ስለ ገዳይ ነው፤ ሙሾ ግን ስለ ባዶ ቤት ይናገራል። ይህንኑ የመሰለ ልቅሶ በኮርዶፋንና በዳርፉር መንደሮችም መሰማቱን ማን ይጠራጠራል? አንዱ ልቅሶ ከሌላው ጋር የተገናኘበት ቦታ ግን የለም።

ከመንደር ልቅሶ በላይ በኅብረት የሚዜም የሙታን ዜማ ፈልጌ ስሄድ፣ የማገኘው እዚያው ጎንደር ላይ ነው። ከማኅሌታዊው ከቅዱስ ያሬድ የወረዱ ናቸው ተብለው ከሚቈጠሩት 5 የዜማ መጻሕፍት አንዱ መዋሥዕት ይባላል። ቃሉ ከግዕዙ አውሥአ የመጣ ነው፤ መለሰ ማለት ነው። የሚዜመውም በሙታን ላይ፣ በቀብርና በመታሰቢያ ነው። ማስመስከሪያ ትምህርት ቤቱ ከዝማሬ ጋር በጋይንት፣ በዙር አምባ ነው። የአቋቋሙ ማስመስከሪያ ደግሞ ጎንደር በአታ ነው። በማኅሌት ጊዜ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ፤ አንደኛው ወገን በቀኝ ጌታ፣ ሁለተኛው በግራ ጌታ ይመራል፤ አንዱ ያነሣውን ሌላው ይቀበለዋል። ጸናጽሉና መቋሚያው ጊዜውን ይጠብቃሉ። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚለዋወጠው ዜማ የሟቹን ማዕርግ አይጠይቅም፤ ንጉሥም ሆነ ለማኝ የሚሸኘው በዚያው ዜማ ነው።

በጥር 1880 ዓ.ም. ይህ ትምህርት ቤት ራሱ ከእሳቱ መካከል ነበር። አድባራት ሲነዱ የነደደው የዕንጨትና የሣር ቤት ብቻ አይደለም፤ በብራና የተጻፈ ስንት መጽሐፍ ዐመድ ሆኖአል። ዜማው ግን በሰው ቃል ተይዞ ይኖር ስለ ነበር ተረፈ። ከቃጠሎው ያመለጡ ሰዎች ሙታናቸውን የቀበሩት በዚሁ ዜማ እንደ ሆነ ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም።

የአውሮፓውያን የኅብረት ሙዚቃ፣ ማለት ኦርኬስትራው፣ ወደ አገራችን የገባው በጦር ሠራዊት በር ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች የሰልፍ መሣሪያዎች ነበሩ። ከዚያም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም 40 ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ወደ አዲስ አበባም አስመጡአቸው። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በዜማ አቀናብሮ የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ሠራ፤ ልጆቹም በ1923 ዓ.ም. በነበረው የዘውድ በዓል ተጫወቱ። ሰልፉን ያየ ሰው የነሐሱን ብልጭታ አየ፣ የማርሹን ግርማ ሰማ። ጥሩምባውን የያዘው ልጅ ግን አባትና እናቱ በቱርክ አገር በተደረገው እልቂት ያለቁበት ልጅ ነበር። የመጀመሪያው የመንግሥታችን የሙዚቃ ጓድ የጦርነት ወላጅ አልባዎች ጓድ እንደ ነበረ የሙዚቃ ታሪካችንን ሲጽፉ ጠበቅ አድርገው የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው።

ከዚያ በዓል እስከ ፋሺስት ወረራ የቀረው ጊዜ 5 ዓመት ብቻ ነበር። በስደቱ ዘመን መጨረሻ መተማ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነች። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲነጋ፣ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ በጣሊያን እጅ የነበረውን የጋላባትን ምሽግ በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። ከእንግሊዝ የኤሴክስ ወታደሮች፣ ከህንድ የጋርዋልና የባሉች ወታደሮች ነበሩ። በምሽጉ ውስጥ ደግሞ ከጣሊያኖች ጋር ብዙ የቅኝ ግዛት ወታደሮች፣ ማለት የእኛው አገር ሰዎች፣ ይዋጉ ነበር። ጋላባት ተያዘች፤ ነገር ግን ታንኮቹ በድንጋዩና በፈንጂው ተሰነካከሉ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰማይ በረቱ፤ ጠባቡን ወንዝ ተሻግሮ መተማን መያዝ ሳይቻል ቀርቶ የእንግሊዝ ጦር ወደ ኋላ ተመለሰ። ስሊም ኋላ ፊልድ ማርሻል ሆኖ በጻፈው መጽሐፍ ስለዚህ ውጊያ ራሱን ወቅሶአል። መተማ የተለቀቀችው በጥር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ከመተማ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ጣሊያኖች ሲሸሹ ፈንጂ ቀብረውበት ነበር። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት የህንድ መኰንን 55 ማይል ያህል መንገድ እየቀደመ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አጸዳ። የተቀመጠበት ተሽከርካሪ በፈንጂ እየተመታ፣ የጆሮው ታምቡር ተበስቶም ሥራውን አልተወም። የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን ተሸለመበት። ስለ ሙዚቃ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጦርነት ከሰው ከሚነጥቀው ነገር አንዱ መስማት ነው።

አሁን ከመተማ ቆላ ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር፤ የምንሻገርበት ድልድይ ያው የ1933 ዓ.ም. መጸው ነው። በጋላባት ከሆነው ውጊያ 8 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 5 ሌሊት፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ኮቨንትሪ የምትባለውን የእንግሊዝ ከተማ ደበደቡ። ከ500 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆመው የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል ነድዶ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ኮቨንትሪን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የከተማው ሰዎች የፈረሰውን እንደ ፈረሰ ትተው ከጎኑ አዲስ ካቴድራል ሠሩ፤ በምረቃውም በዓል አዲስ ሙዚቃ እንዲደርስ ቤንጃሚን ብሪተን የተባለውን ደራሲ ጠየቁት። ብሪተን ሰው መግደል ኅሊናዬ አይፈቅድም ብሎ በዚያ ታላቅ ጦርነት የጦር መሣሪያ ያልያዘ ሰው ነበር። በዚህም ወገኖቹ ብዙ ነቅፈውታል።

እርሱ የደረሰው «የጦርነት ሬኩዬም» ግንቦት 22 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲሱ ካቴድራል ተሰማ። ሬኩዬም ማለት በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የሚደረግ ቅዳሴ ነው፤ በእኛ አነጋገር ጸሎተ ፍትሐት ብንለው አንሳሳትም። የሙዚቃው አቋም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሙዚቀኞቹ በ3 ተከፍለዋል። ታላቁ የመዘምራን ጓድና ታላቁ ኦርኬስትራ ከአንዲት ሶፕራኖ ዘማሪት ጋር የላቲኑን የሙታን ጸሎት ያሰማሉ። ሕፃናት ወንዶች ከኦርጋን ጋር ከሩቅ ሆነው፣ ከዚህ ዓለም ውጭ እንዳሉ ያህል ይዘምራሉ። በመካከል ሁለት ወንዶች በአነስተኛ ኦርኬስትራ ታጅበው የሁለት ወታደሮችን ድምፅ ይዘው ይቆማሉ፤ የሚሉት ጸሎት ሳይሆን የዊልፍሬድ ኦወንን ግጥም ነው። ኦወን የአንደኛው የዓለም ጦርነት መኰንንና ባለቅኔ ሲሆን፣ ጦርነቱ ሊቆም አንድ ሳምንት ሲቀረው በ25 ዓመቱ ተገደለ። የመርዶው ቴሌግራም ለወላጆቹ የደረሰው የሰላሙ ደወል በሚደወልበት ቀን ነበር።

ብሪተን እነዚህን 3 ወገኖች አላስታረቃቸውም፤ አጋጫቸው እንጂ። መዘምራኑ ስለ ዘላለም ዕረፍት ሲጸልዩ፣ ወታደሩ ወንድሞቹ እንደ ከብት ስለ ታረዱበት ምሽግ ይናገራል። ጸሎቱ ለአብርሃም የተሰጠውን ተስፋ ሲያነሣ፣ ግጥሙ ሽማግሌው በጉን ትቶ ልጁን ይስሐቅን እንዳረደ አድርጎ ታሪኩን ገልብጦ ያቀርባል። በመጨረሻ ከሞት በኋላ የተገናኙ ሁለት ወታደሮች፣ ገዳይና ተገዳይ፣ ይነጋገራሉ፤ ከዚያም ሁለቱ፣ ሕፃናቱና ታላቁ ጓድ በአንድነት ያዜማሉ። ብሪተን 3ቱን ድምፆች ከ3 አገር ሰዎች መርጦ ነበር፤ ሶፕራኖዋ ጋሊና ቪሽኔቭስካያ ከሶቪየት ኅብረት፣ ፒተር ፒርስ ከእንግሊዝ፣ ዲትሪኽ ፊሸር ዲስካው ከጀርመን። ፊሸር ዲስካው ራሱ የጀርመን ወታደር ሆኖ የተማረከ ሰው ነው። የሶቪየት ባለ ሥልጣኖች ዘማሪቱ ከጀርመናዊ ጋር በዚያ ቦታ እንዳትቆም ስለ ከለከሉ የሰሜን አየርላንዷ ሄዘር ሃርፐር በጥቂት ቀን ዝግጅት ተተካች። የሰላም ሙዚቃ እንኳ ከመንግሥታት ጠብ አላመለጠም። በዓመቱ ግን ሙዚቃው ለንደን ላይ በሸክላ ሲቀረጽ 3ቱም ተገናኝተው አሰሙት።

በእርግጥ ብሪተን የመጀመሪያው አልነበረም። ሃይድን በ1796 እ.ኤ.አ.፣ የናፖሊዮን ጦር ኦስትሪያን በሚያስፈራራበት ጊዜ፣ «ቅዳሴ በጦርነት ዘመን» የተባለውን ደርሶ በሰላም ልመናው ሥር የከበሮ ድምፅ አስገብቶበታል። ቤትሆቨንም በታላቁ ቅዳሴው መጨረሻ መዘምራኑ ሰላምን ስጠን እያሉ ሲለምኑ በድንገት ከሩቅ የጦር ከበሮና መለከት ያሰማል፤ ልመናውም ወደ ጭንቀት ይለወጣል። ነጋሪት የት ቦታ መግባት እንዳለበት እነዚህ ሰዎች ዐውቀው ነበር። ከበሮውን የመቱት ለማስፎከር ሳይሆን ለማስደንገጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። ጦርነትን የሚቃወም ሙዚቃ አገሩን የጠበቀውን ሰው የሚያቃልል የሚመስላቸው አሉ። የአርማጭሆና የቋራ አርበኛ በዱር በገደል 5 ዓመት የታገለው ጦርነትን ወድዶ አይደለም፤ ቤቱን ያቃጠለበት መጥቶበት ነው። ለእርሱ ፉከራው ይገባዋል፤ ነገር ግን ከፉከራው ጋር ሙሾም ይገባዋል፤ ሁለተኛውን ብንነፍገው ከታሪኩ ግማሹን ሰርቀነዋል። በሌላ በኩል ሰላም ሰላም እያለ የሚጮኽ ሙዚቃ ሁሉ መልካም ሙዚቃ አይደለም። በየበዓሉ የሰማናቸው የሰላም መዝሙሮች አብዛኞቹ ማንም ያልሞተባቸው ይመስል የደስታ መዝሙሮች ናቸው። የብሪተን ሥራ ጆሮን የሚይዘው ሬሳውን ከፊታችን ስለማያነሣ ነው።

በአገራችን በዚህ መንፈስ የተጠጋን ማን ነው ቢሉኝ፣ ስለ አንዲት መነኩሴ እናገራለሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በፋሺስት ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተይዘው ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም በኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለው የፖላንድ ቫዮሊን ተጫዋች ሙዚቃ ተማሩ፤ ያው ሰው በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ መርቶአል። እማሆይ ከመነኰሱ በኋላ የያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ተቀመጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በደጀ ሰላሙ ተኝተው የሚያድሩ ወጣቶች አዩ፤ ተሳላሚዎች መስለዋቸው ነበር፤ ጠይቀው ሲረዱ ግን እየለመኑ ዜማ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ሆነው አገኙአቸው። የምሰጣቸው ገንዘብ ባይኖረኝም ሙዚቃዬ አለኝ ብለው፣ በጀርመን አገር በታተሙት ሸክላዎቻቸው የሚገኘውን ገቢ ለችግረኛ ልጆች ርዳታ አዋሉት። የፒያኖ ድርሰቶቻቸው የመዘምራን ጓድም ኦርኬስትራም የላቸውም፤ ከበሮም አይመታባቸውም። ነገር ግን አውሮፓዊው መሣሪያና የያሬድ ዜማ አንድ ላይ ሲያዝኑ የሰማነው በእርሳቸው ጣቶች ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እማሆይ ባረፉ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ከዚያም ያንን ጠባብ ወንዝ ሕዝብ ይሻገረው ጀመር። አቡ አንጃ በመጣበት መንገድ አሁን የመጡት ሕፃን ያዘሉ እናቶችና ሻንጣ የሚጎትቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሱዳናዊው፣ በካርቱም ይሠራ የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ የሌላም አገር ሰው በመተማ በኩል ገባ፤ በኩመርና በአውላላ የስደተኞች መጠለያ ተሠራ። የተቀበላቸውም የምዕራብ ጎንደር ሕዝብ ከራሱ አገር የጦርነት ችግር ገና ያላረፈ ሕዝብ ነበር። ከ1881 ዓ.ም. ወዲህ የዚያ ድንበር ታሪክ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ የታየበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም፤ ወንዙ አንድ ነው፣ ሸሺው ብቻ ይለዋወጣል።

ለመተማ የሚገባ የኅብረት ዝማሬ ቢደርስ ዕቃው ሁሉ በእጃችን አለ። የጎንደር በአታና የዙር አምባ ሊቃውንት መዋሥዕቱን ያውቁታል። የቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማራቸው ሰዎች ዜማውን በኖታ ሊያስቀምጡትና ለኦርኬስትራ ሊያቀናብሩት ይችላሉ፤ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለ ዋሽንት» በተባለው ድርሰታቸው የአገራችን ዜማ በኦርኬስትራ እንዴት እንደሚናገር አሳይተዋል። በመካከል ለሚቆሙት ሁለት ወታደሮች ቃል ይሆን ዘንድ የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ አለ፤ ከወዲያ ማዶ የመጣው መልስም ሳይለሰልስ ቢገባ እውነቱን ያጠናክረዋል። የሶፕራኖዋ ቦታ የአልቃሽዋ ነው። ነጋሪትና ኖጋራ በየተራ ሳይሆን በአንድነት መመታት አለባቸው፤ አድማጩ የማን እንደ ሆነ እንዳይለይ።

መዘምራኑም ባህላችን እንደሚያዝዘው በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ቀኝ ጌታው ከወንዙ ወዲህ፣ ግራ ጌታው ከወንዙ ወዲያ፣ የሱዳን ዘማሪዎች ከቆሙበት። ጊዜው መጋቢት ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ወር ውሃው ደርቆ አሸዋው ብቻ ስለሚቀር፣ በአንደኛው ዳር የተነሣውን ዜማ በሁለተኛው ዳር ያለው ሳይቸገር ሊቀበለው ይችላል።